የእድራችን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፦ የሥራ ማስታወሻ ከድሬዳዋ

መስከረም 2017፣ መጨረሻው ሳምንት

የሰፈራችን እድር መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ወስኗል። ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባል ስለሆንኩ ክፍያ አልጠየቅኩም። ከሦስት መቶ በላይ ቤተሰብ ያለበት እድር ነው። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ ውዝፍ፣ ቅጣት፣ ለሐዘንተኛ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በእጅ በተጻፉ ባሕር መዝገቦች ላይ ነው ያለው። ጸሐፊያችን ለረጅም ዓመት በጥንቃቄ ይዘውታል። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። ከእሳቸው ሌላ መዝገቡን አገላብጦ ቶሎ መልስ የሚያገኝ ሰው የለም። ኮሚቴውን ያሳሰበው ይሄ ነው።

ማስታወሻውን የምይዘው ተመሳሳይ ሥራ የሚያስብ እድር፣ የሐረር አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ወይም የሰፈር ቁጠባ ማኅበር ካለ እንዲጠቀምበት ነው።

ኮሚቴው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ቀን ይፈጃል?" ብሎ ነው። ቀን አልሰጠሁም። ሦስት ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። ችግሩ በትክክል ምንድን ነው? አቅማችን ምን ይፈቅዳል? እኔ ባልኖር ማን ይይዘዋል? ሦስተኛው ላይ ብዙ ተነጋገርን። ሠሪው ከተማ ሲቀይር አብሮ የሚሞት ሲስተም ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ አንዲት ረዳት ጸሐፊ ተመደበችልን። የአባል ልጅ ናት፣ ሒሳብ ተምራለች፣ ሰፈሩን ታውቃለች።

አማራጮቹን አንድ በአንድ አየን። በወረቀት መቀጠል አንዱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ችግሩ እዚያው ይቆያል። ኤክሴል ሁለተኛው ነው። ለትንሽ ማኅበር ኤክሴል ይበቃል፣ ማንም አይናቀው። የእኛ እድር ግን አንድ አባል ብዙ ቤተሰብ፣ ብዙ ክፍያ፣ ብዙ ታሪክ አለው። ይህን ሁሉ በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ አይቻልም። አንድ ሰው ባልታሰበ መንገድ አንዱን ዓምድ ብቻ በፊደል ተራ ቢደረድር ደግሞ የአንዱ ክፍያ ከሌላው ስም ጋር ይጣበቃል። በኢንተርኔት የሚሠራ ዝግጁ ፕሮግራም ሦስተኛው ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ እድሩ ሥራ ማቆም ስለሌለበት ተውነው። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ ሲስተም እንዲሆን ተስማማን። ላፕቶፑን አንድ አባል ለገሱ።

ጥቅምት

ወሩን በሙሉ ኮድ አልጻፍኩም። ስጠይቅ፣ ስሰማ፣ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ከጸሐፊው ጋር፣ ከገንዘብ ያዧ ጋር፣ ከንብረት ክፍሉ ጋር ተራ በተራ ቁጭ አልኩ። ጡሩንባ ነፊውንም አልተውኩም። ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ ወሬው የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው፤ መረጃው ከየት ተነስቶ ማን ጋ እንደሚደርስ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መተዳደሪያ ደንቡን በአንድ በኩል፣ የሚሠራውን በሌላ በኩል አድርጌ አስተያየሁ። ብዙው ይገጥማል። የማይገጥመው ግን የሥራው እምብርት ነው። ደንቡ "ቤተሰብ" ሲል ባል፣ ሚስት፣ ልጆችና የሁለቱም ወላጆች ይላል። እሺ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሁለቱም አባል ከሆኑ እናታቸው ሲያርፉ ክፍያው ለሁለቱም ነው ወይስ ለአንዱ? ገንዘብ ያዧን ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ እስካሁን እንዴት ነበር የምታደርጉት?"

"እንደ ሁኔታው ነዋ ልጄ። አንዳንዴ ለሁለቱም፣ አንዳንዴ ለታላቁ።"

እንደ ሁኔታው መሥራት በሰው ዘንድ ይቻላል። ኮምፒውተር ግን አንዱን መምረጥ አለበት። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን በአንድ ደብተር ላይ ሰበሰብኳቸው። ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ከወላጁ ይወጣል ወይስ እስኪያገባ ይቆያል? ሁለት ትዳር ያላቸው አባል እንዴት ይመዘገባሉ? አባል ሲያርፍ ቁጥሩ ለባለቤቱ ይተላለፋል ወይስ አዲስ መግቢያ ትከፍላለች? ለሦስት ወር ያልከፈለ መብቱ ይታገዳል ይላል ደንቡ፤ ውዝፉን ሐዘን በደረሰበት ዕለት ቢከፍልስ?

ደብተሩን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ስብሰባው ረጅም ነበር። ድምፅም ከፍ አለ። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አግኝቶ በቃለ ጉባኤ ተፈረመ። ሁለት ትዳር ላላቸው እያንዳንዷ ሚስት በራሷ ስም አባል እንድትሆን ተወሰነ። ወንድማማቾቹ ሁለቱም መዋጮ ስለሚከፍሉ ለሁለቱም ይከፈላል ተባለ። ይህ ቃለ ጉባኤ ባይኖር በፕሮግራሙ ውስጥ የምጽፈው የራሴን ግምት ይሆን ነበር። የእድሩን ሕግ የመወሰን መብት ደግሞ የእኔ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሠሪ ባልተወሰነ ነገር ላይ ዝም ብሎ ሲያልፍ ሳያውቀው ሕግ አውጪ ይሆናል። ይህን ለወጣቶቹ ባለሙያዎች አጥብቄ እናገራለሁ።

ኅዳር

ስለ ሥራው ደረጃዎች ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤት ሲስተም ሲሠራ ማቀድ፣ ማጥናት፣ መንደፍ፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማስረከብ፣ መጠገን እያልን ተራ በተራ እንማራለን። ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ተደርጎ ይሳላል። ይህን ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የኮምፒውተር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ከጻፈው ጽሑፍ ነው። ሮይስ ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ቀጥታ መውረድ አደገኛ ነው፣ ፈተናው መጨረሻ ላይ ሲመጣ ሁሉን ነገር ወደ ኋላ ይመልሳል ብሎ አስጠንቅቋል። ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስን በራሱ ሥዕሎች ላይ አሳይቷል። እኔም ደረጃዎቹን አልተውኩም፤ ግን በየደረጃው ሰዎቹን መልሼ አገኛለሁ።

ንድፉን የጀመርኩት በወረቀት ነው። እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ ሳልኩና ለረዳቷ ሰጠኋት። "አንድ አባል የሦስት ወር ሊከፍል መጣ፤ የት ትነኪያለሽ?" አልኳት። በጣቷ እየጠቆመች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ "አቦ፣ እዚህ ጋ እኮ ሰልፍ አለ፤ ሦስት ጊዜ ወር መምረጥ አልችልም" አለችኝ። ትክክል ነበረች። ወሩ ከውዝፉ ተነስቶ ራሱ እንዲሞላ አደረግን። በወረቀት ላይ ማጥፋት በላጲስ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ማፍረስ ይሆናል።

ከዚያ ሠንጠረዦቹ መጡ። መሠረቱ ኤድጋር ኮድ የተባለ ባለሙያ አይቢኤም በሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ ይያያዙ ይላል። ከዚያ የተከተለው ልማድ አንድን እውነት አንድ ቦታ ብቻ መጻፍ ነው። የእኛ ሠንጠረዦች አባልነት፣ ሰው፣ ዝምድና፣ ክፍያ፣ ተመን፣ ሐዘን፣ ንብረት ናቸው።

"አባልነት"ንና "ሰው"ን መለየቴ ብዙ ችግር አስቀርቷል። አባላት የድሮ ቁጥራቸውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ባል ሲያርፍ ሚስት በዚያው ቁጥር ትቀጥላለች። ስለዚህ ቁጥሩ የአባልነቱ ነው፣ የሰውየው አይደለም። ሰው ደግሞ የራሱ ስውር መለያ አለው። ስልክ ቁጥርን መለያ አላደረግኩም፤ በአንድ ስልክ ሦስት ቤት የሚጠራበት ሰፈር ነው።

ተመን ለብቻው መሆኑም የግድ ነበር። መዋጮ ይጨምራል። ተመኑ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚሠራ ካልተጻፈ፣ አዲሱን ዋጋ ያስገባህ ቀን የአምናው ውዝፍ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ይባዛል። ሽማግሌዎች ያላጠፉትን ዕዳ ተሸከሙ ማለት ነው።

ሌላው ጥብቅ ደንብ ክፍያ አይሰረዝም የሚለው ነው። ስህተት ከተገኘ ማረሚያ ይጻፋል፣ የመጀመሪያውም ይቆያል፣ ማን እንዳረመው ይታያል። ይህን ከጸሐፊያችን ነው የወሰድኩት። በባሕር መዝገባቸው ላይ ተፍቆ የጠፋ ቁጥር የለም፤ አንድ መስመር አስምረው ከጎኑ ይፈርማሉ።

ስለ ግል መረጃም ተወያይተናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ትንሽ እድር ነን ብሎ መዘናጋት አይገባም። ለሥራው የማያስፈልገንን አንጠይቅም ተባለ። ሃይማኖት አይመዘገብም። የሞት ምክንያት አይመዘገብም። ንብረት ክፍሉ የወንበር ቆጠራን ያያል፣ የሰው ውዝፍ ግን አያይም።

ታኅሣሥ

ግንባታ። ይህ ክፍል ብዙ ሰው ዋናው ሥራ የሚመስለው ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር በደንብ ስለተሠሩ።

ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃውን የሚያስቀምጠው ክፍል፣ ኤስኪውላይት የሚባለው ነው። ነጻ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ ሙሉ መረጃው በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ድንገት ቢጠፋ አንድ ክፍያ ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል ወይ ጭራሽ አይገባም፤ ግማሽ ሆኖ አይቀርም። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጾቹን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠራኋቸው፤ በላፕቶፑ ብራውዘር ላይ ይከፈታሉ።

ሁለት ነገር ግን ጊዜ ወሰደ። አንደኛው ስም ነው።

ድሬዳዋ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የቆረቆራት ከተማ ናት። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶባታል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም እድሩ ውስጥ አለ። የአንድ ሰው ስም በአንዱ መዝገብ "መሐመድ"፣ በሌላው "ሙሐመድ"፣ በሦስተኛው "መሃመድ" ተብሎ ተጽፏል። "ኃይሉ"ና "ሀይሉ"፣ "ፀሐይ"ና "ጸሃይ" ለሰው አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር አይደሉም። የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጥቷል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ተገቢ ነው፤ ፊደሉ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ፍለጋውን ማስተካከል ያለበት ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ነው።

ያደረግኩት ይህን ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ አለ። በዚያ ቅጂ ሐ፣ ኀና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ከእነ ቤተሰባቸው። ሃና ሀ፣ ኣና አም አንድ ይሆናሉ። ረዳቷ እንደፈለገች ብትጽፍ ሰውየው ይገኛል። "መሐመድ"ና "ሙሐመድ"ን ግን ሆሄ በመቀየር አንድ ማድረግ አይቻልም። ለእሱ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለየብቻ ይፈለጋሉ፤ ሁለቱ ከገጠሙ እጩዎቹ ይዘረዘራሉ፤ ምርጫው የሰው ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው። እድሩ የሚሠራው በእኛ አቆጣጠር ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ክፍያ ግን በፈረንጅ ቀን ነው የሚመጣው። ሁለቱንም አስቀምጠህ በኋላ አይስማሙም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። አንድ ቀን ብቻ ይቀመጣል፤ ሲታይ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለወጣል። ችግሩ ልዩነቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2024 የእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ያው የፈረንጅ መስከረም 11 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው፤ አዲስ ዓመት በማግስቱ ገባ። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜ ስድስት ቀን ይሆናል። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም የነሐሴን ውዝፍ ከመስከረም ያምታታል። ጳጉሜ የራሱ መዋጮ እንደሌለውም ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ አስቀምጧል፤ በጳጉሜ የገባ ገንዘብ ያለፈ ውዝፍ ወይም የመጪው መስከረም ነው።

ጥር

የድሮውን መዝገብ ማስገባት ተጀመረ። ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይሄ ነው፤ ክብርም ሊሰጠው ይገባል። ሲስተም ከሥር የገባበትን ነው መልሶ የሚያወጣው።

ሁሉንም ዓመት አላስገባንም። ያለፉትን ዓመታት ክፍያ በዝርዝር ማስገባት ለማን ይጠቅማል? መነሻ ቀን ወሰንን፤ መስከረም 1 ቀን 2017። ከዚያ በፊት ያለው ለእያንዳንዱ አባል "የዞረ ውዝፍ" ወይም "የዞረ ቀድሞ ክፍያ" ተብሎ በአንድ ቁጥር ገባ፤ የመዝገቡ ቅጽና ገጽ ከጎኑ ተጻፈ። አከራካሪ ነገር ሲመጣ ገጹ ይከፈታል።

አንድ ጊዜ በኮምፒውተር የተተየበ የአባላት ዝርዝር ነበር። ፋይሉ በዩኒኮድ ያልሆነ የድሮ ፎንት ነው የተጻፈው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። መለወጥ ይቻላል፤ እያንዳንዱን ምልክት ከሆሄው ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ዝርዝሩ ግን ያረጀ ስለሆነ ከባሕር መዝገቡ እንደ አዲስ መጻፉ ተሻለ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ያነባል፣ አንድ ሰው ይጽፋል። የገንዘብ ቁጥሮቹን ሁለት ሰው ለየብቻው ያስገባቸዋል፤ ፕሮግራሙ ያነጻጽርና የማይስማማውን ያሳያል። በየገጹ መጨረሻ ጸሐፊው የደመሩት ድምር አለ፤ የእኛም ድምር ከእሱ ጋር መግጠም አለበት። ገጽ ካልገጠመ ወደ ሚቀጥለው አንሻገርም። ጸሐፊያችን አጠገባችን ተቀምጠው የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ይፈቱልን ነበር። የአንዱን ስም ሲያዩ ታሪኩንም ይነግሩናል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ወደ መልካ ጀብዱ እንደሄደ፣ ማን ከሐረር እንደመጣ። ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎችን ያገኘነው በእሳቸው ትዝታ ነው።

የካቲት

ፍተሻ። "ይሠራል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "መቼ ነው የማይሠራው?" ብሎ መፈለግ ይሻላል። የፈተና ዝርዝሩን ያዘጋጀችው ረዳቷ ናት፤ ከደንቡና ከቃለ ጉባኤው አንቀጽ በአንቀጽ። ግማሽ ወር የከፈለ። የዓመት ቀድሞ የከፈለ። በጳጉሜ 6 ቀን 2015 የከፈለ። ውዝፉ ልክ ሦስት ወር የሆነ፣ ሦስት ወር ሊሞላው አንድ ቀን የቀረው። ያረፈ አባል ቁጥሩ የተላለፈ። በአንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ የገባ ክፍያ፤ ይህን ፕሮግራሙ እምቢ ማለት አለበት፣ እምቢም አለ።

ክፍያ እየገባ ባለበት ላፕቶፑን ሆን ብለን ኃይል አቋረጥንበት። ስንከፍተው መረጃው ደህና ነበር።

የሽማግሌዎቹ ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ሰብሳቢያችን ወንበር ስበው ተቀመጡና "የእኔን አውጣ" አሉ። ወጣ። በኪሳቸው ያለውን የደረሰኝ ጥራዝ አውጥተው አንድ በአንድ አመሳከሩ። ሁሉም ገጠመ። "የባለቤቴን እናት አላየሁም" አሉ። በመዝገቡም ላይ አልነበሩም። ያን ቀን ተመዘገቡ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባል የቤተሰቡን ዝርዝር አትመን ለማረጋገጫ እንድንልክ ተወሰነ። ብዙ ወረቀት ነው፤ ግን ሐዘን በመጣ ቀን ከሚነሳ ክርክር ይሻላል። በቃል "ደህና ነው" ያለ አልተቀበልንም፤ ፈርሞ ነው የመለሰው።

መጋቢትና ሚያዝያ

አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በአንድ ቀን ወረቀቱን ጥሎ ወደ ኮምፒውተር መዝለል ይቻላል፤ ወጪው ያንሳል። የሰው ገንዘብና የሰው ሐዘን ባለበት ግን አይደረግም። ረዳቷ በኮምፒውተር፣ ጸሐፊው በመዝገባቸው። ወር ሲያልቅ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ድርብ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ይደክማሉ። መጨረሻው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ አለዚያ ሰው ይሰለቻል። ሦስት ወር በተከታታይ ያለ ልዩነት ከተዘጋ ይበቃል ብለን ነበር የጀመርነው።

በዚህ መሃል ሰፈር ውስጥ ሐዘን ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተሙ ለእውነተኛ ጉዳይ ተጠየቀ። ገጹ የአባሉን ስም፣ የሟችን ዝምድና፣ የሚከፈለውን መጠንና የውዝፉን ሁኔታ አሳየ። አንድ ነገር ከመጀመሪያው አጥብቄ ይዤ ነበር። ገጹ "አይገባውም" የሚል ቃል የለውም። ውዝፍ ካለ ውዝፉን ያሳያል፣ የደንቡን አንቀጽ ይጠቅሳል፣ ውሳኔው ለኮሚቴው ይቀራል። አባሉ ታሞ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። ኮሚቴው ሲወስን ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ነገ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመው እኩል እንዲታይ።

ለአባላት የሚላከው የስልክ መልእክትም ተሠራ። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ያዘጋጃል፤ ረዳቷ ከስልኳ ትልካለች። እዚህ ጋ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የእኛ ሆሄ ከገባበት ግን አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል፤ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሁለት መልእክት ይከፈላል፣ ሒሳቡም የሁለት ነው። ስለዚህ ስም፣ ዝምድና፣ የቀብር ቦታና ሰዓት ብቻ። በኦሮምኛና በሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፍ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። ጡሩንባው ግን አልቀረም። ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉ።

ሰኔ

ሙቀቱ በርትቷል። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፤ ሥራው ወደ ማለዳና ወደ ማታ ዞሯል። ላፕቶፑንም ከቆርቆሮው ሥር ካለው ጠረጴዛ አንስተን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባነው። የአየር መሳቢያ ቀዳዳው በአቧራ እንዳይደፈን በየወሩ ይጸዳል። ይህም በጥገና ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል።

የወሩ ዋና ሥራ ምትክ ቅጂ ነው። ኮሚቴውን ለማሳመን ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ይህ ከተማ አይረሳም። ከደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደረቁ ወንዝ ወረደ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ቤት ከነዕቃው ሄደ። መዝገቡም ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። የእድሩ ቢሮ ከወንዙ ሩቅ አይደለም። ላፕቶፑና ፍላሹ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጡ ምትክ አለን ማለት አይቻልም።

የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ይላል። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ነው። ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ቢሮው ካዝና ውስጥ። ሦስተኛው በየሳምንቱ ቅዳሜ በፍላሽ ተቆልፎ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ የኮሚቴ አባል ቤት ይሄዳል። ፍላሹ ቢጠፋ ያገኘው ሰው እንዳይከፍተው በፓስወርድ የተመሰጠረ ነው። ፋይሉን ሥራ ላይ እያለ ዝም ብሎ መገልበጥ አይገባም፤ በመጻፍ መሃል ሊያዝ ይችላል። ኤስኪውላይት ለዚህ የራሱ የምትክ ትእዛዝ አለው፤ እሱን በአንድ ቁልፍ አድርጌዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መመለሱ ይሞከራል። ተከፍቶ ያልታየ ምትክ እኔ ዘንድ አይቆጠርም።

ሐምሌ

በጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርቱ ከሲስተሙ ታትሞ ቀረበ። ኦዲተሮቹ በዕጣ ያወጧቸውን አባላት ከባሕር መዝገቡ ጋር አመሳከሩ፤ ገጠመ። የተባለው ሦስት ወርም ያለ ልዩነት ተዘግቷል። ጉባኤው ዕለታዊው ሥራ በኮምፒውተር ብቻ እንዲሆን አጸደቀ። ደረሰኝ ግን በወረቀት ይቀጥላል። የድሮዎቹ መዝገቦች አይጣሉም፤ በጨርቅ ተጠቅልለው ካዝናው ውስጥ ገቡ።

ጉባኤው በዚያው ዕለት መዋጮ ጨመረ። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ። ረዳቷ ተመኑን ከነመነሻ ወሩ ራሷ አስገባች። የድሮው ውዝፍ በድሮው ዋጋ ቆየ።

ነሐሴ

አሁን ያለነው ጥገና ላይ ነው። ብዙ ሰው ሥራው አለቀ የሚለው እዚህ ላይ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ሜይር ሌህማን ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጻፋቸው ሕጎቹ የመጀመሪያው ላይ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ካልተለወጠ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል ብሏል። የሚለወጠው እድሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ተከትሎት መሄድ አለበት። እድሩ ቢሮ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። የመጣው ጥያቄ፣ የጠየቀው ሰው፣ የተሠራው ነገር፣ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል።

እስካሁን ያለው ከሦስት ዓይነት አይወጣም። የሚታረም አለ፤ ረጅም ስም ሲመጣ ማተሚያው የአያት ስም ይቆርጥ ነበር፣ ተስተካከለ። ከሁኔታ ጋር የሚለወጥ አለ፤ የባንኩ መግለጫ አቀማመጡን ሲቀይር የእኛም ማንበቢያ ተቀየረ። የሚሻሻል ደግሞ ይበዛል። ንብረት ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ለብቻው እንዲቆጠር ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ሁለት ወር የደረሰባቸውን አባላት ሦስተኛው ሳይሞላ እንዲያስታውሳቸው ይፈልጋሉ፤ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ቅድሚያ ሰጥቼዋለሁ። የሟቾች ፎቶ ይግባ የሚል ጥያቄም መጥቶ ነበር። ኮሚቴው አስፈላጊ አይደለም አለ፣ ደብተሩ ላይ ከነምክንያቱ ተጽፎ ቀረ።

ርክክቡም ተጀምሯል። የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አጭር ነው፣ በቀን በቀን የሚሠራውን ብቻ ይዟል። ረዘም ያለው ደግሞ ለሚቀጥለው ባለሙያ ነው። ሠንጠረዦቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ፣ የትኛው ደንብ ከየትኛው ቃለ ጉባኤ እንደመጣ ይናገራል። የፕሮግራሙ ኮድና የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ሰብሳቢው ጋ አለ። ጸሐፊያችን የክብር አማካሪ ተብለዋል፤ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ረዳቷ ግራ ያጋባትን ስም ይፈቱላታል።

ለጳጉሜ የያዝነው ቀጠሮ አለ። የሳቢያኑን ፍላሽ አምጥተን በሌላ ላፕቶፕ ላይ መረጃውን ከባዶ እንመልሳለን፤ የነሐሴን መዝጊያ ድምርም ከቢሮው ጋር እናመሳክራለን። የምትሠራው ረዳቷ ናት፣ ከመመሪያው እያነበበች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መመሪያው ያላስረዳትን ቦታ ብቻ እመዘግባለሁ።